ስድስት ሺህ መጻሕፍትና አንድ የተቆለፈ ቁም ሳጥን፦ በሐዋሳ የአንድ አነስተኛ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ አንድ ቀይ ማኅተም ነው። በሐዋሳ ከተማ፣ በአንድ ቀበሌ ግቢ ውስጥ በሚገኝ አነስተኛ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንሥቼ ገለጥሁ። የአንድ የአሜሪካ ግዛት ነዋሪዎች የገቢ ግብር ቅጽ እንዴት እንደሚሞሉ የሚያስረዳ መመሪያ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንድ የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለ፤ በእንግሊዝኛ «ከአገልግሎት የወጣ» ይላል። አጠገቡ ያለውን አወጣሁ፤ ያው ማኅተም። ሦስተኛውም እንደዚያው። በሌላ አገር ያለ ባልደረባዬ «ለአንባቢዎቼ አይጠቅምም» ብሎ ያወጣውን መጽሐፍ፣ እዚህ ቁጥር ሰጥተው፣ በንብረት መዝገብ አስገብተው፣ በየዓመቱ ሪፖርት ላይ ሲቆጥሩት ኖረዋል።

በሙያዬ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነኝ። በዚህ ቤት ለአንድ ዓመት ያህል በፈቃደኝነት ሠርቻለሁ። የሰዎችንም የተቋሙንም ስም አልጠቅስም፤ ያየሁት ነገር በሌሎች ከተሞችም ያለ ይመስለኛልና ማንንም ለመውቀስ አልጻፍሁትም።

ቤቱና አንባቢዎቹ

አዳራሹ አንድ ነው፤ ስድሳ ያህል ወንበር ይይዛል። ሁለት ሠራተኞችና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አሉት። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የክረምት ዝናብ ሲወርድ ሰው ከሰው መነጋገር አይችልም። ያም ሆኖ ጠዋት 2:30 ላይ በሩ ሲከፈት ደጁ ላይ ወረፋ አለ።

ወረፋው ውስጥ የሚቆሙት ብዙዎቹ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርት ጨርሰው ሥራ የሚጠባበቁ ወይም ለሙያ ብቃት ምዘና የሚዘጋጁ ወጣቶች ይከተሏቸዋል። ጡረተኞች ጋዜጣ ለማንበብ ይመጣሉ፤ የየራሳቸው ወንበር አላቸው፣ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ቆመው ይጠብቁታል። በ2008 ዓ.ም. በተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። ሕፃናት ግን «ትረብሻላችሁ» እየተባሉ ከበር ይመለሱ ነበር።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከተማዋ ስትመሠረት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ጡረታ ወጥቶ በሐይቁ ዳር ሲንሸራሸር ይታያል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። አማርኛ፣ ሲዳሙ አፎና ወላይትኛ በአንድ ታክሲ ውስጥ ይሰማሉ። ይህን የማነሣው የመጻሕፍት ስብስብ ምን መምሰል አለበት የሚለው ጥያቄ ከዚህ ስለሚጀምር ነው።

መጻሕፍቱ ወደ ቤቱ የገቡት በሦስት መንገድ ነው፦ ከቀበሌው ግዢ፣ ከግለሰቦች ስጦታና ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር ከመጣ እርዳታ። መደርደሪያውን የሞላው ሦስተኛው ነው።

ችግሩ

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርሁ ቆጠርሁ። አርባ አንድ አንባቢ ነበር። ሠላሳ ስድስቱ የያዙት ከቤታቸው ያመጡትን ደብተር ወይም ፎቶ ኮፒ የተደረገ የጥያቄ ወረቀት ነው። ሦስቱ ጋዜጣ ያነባሉ። የቤቱን መጽሐፍ የያዙት ሁለት ብቻ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ወንበርና መብራት ያለው ጸጥተኛ ክፍል ሆኗል ማለት ነው። ይህንን አላቃልለውም፤ ከመላው ቤተሰቡ ጋር በአንድ ክፍል ለሚኖር ተማሪ ጸጥታ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለጸጥታ ብቻ ከሆነ ስድስት ሺህ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ሁለተኛውን ነገር ያሳየችኝ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ፈልጋ መደርደሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ቤት የአማርኛ መጽሐፍ የለም?» አለችኝ። አለ። ከሠራተኛዋ ጠረጴዛ ኋላ ባለው የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል። መዝገበ ቃላቱ፣ የታሪክ መጻሕፍቱ፣ ልብ ወለዶቹ፣ አጋዥ መጻሕፍቱ፣ በ2015 ዓ.ም. ተግባራዊ በሆነው ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጁት የመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ እዚያ ናቸው።

ሠራተኛዋን ለምን እንደቆለፈችባቸው ጠየቅኋት። የሰጠችኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «ጋሼ፣ አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። ከዚህ በፊት ከፍያለሁ። ስለዚህ ውጭ የደረደርሁት ማንም የማይሰርቀውን ነው።»

ፍርሃቷ ትክክለኛ ነው። መጽሐፍ ሲገባ እንደ ወንበርና እንደ ጀነሬተር በሞዴል 19 ተመዝግቦ ገቢ ይሆናል፤ የፈረመ ሰው ይጠየቅበታል። ወንበር ግን ከአዳራሽ ስለማይወጣ ይቆያል። መጽሐፍ ከእጅ እጅ ሲዞር ያልቃል፣ ይቀደዳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሁለቱን በአንድ ዓይን ያየ አሠራር፣ ጠንቃቃዋን ሠራተኛ የሚፈለገውን መጽሐፍ ወደመደበቅ ገፋፋት።

ሦስተኛው ችግር በሪፖርት ቅጹ ላይ ነበር። ቅጹ የሚጠይቀው «የመጻሕፍት ብዛት» ብቻ ነው። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ስላደገ ሁሉም ደስ ይለው ነበር። ያው ቅጽ ነገሩን «ክምችት» ይለዋል፤ ቃሉ ደግሞ የገባውን ሁሉ፣ ማን አስገባው፣ ለምን አስገባው ሳይል አንድ ላይ ይጠራል። እኔ «ስብስብ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ መሰብሰብ የሚሰበስብ ሰውና የሚሰበሰብበት ምክንያት ይፈልጋል። ከሠራተኞቹ ጋር በዚህ ቃል ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራክረናል፤ ጊዜው አልባከነም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግነው አንድም መጽሐፍ ሳንነካ መቁጠር ነበር። አንባቢ ጠረጴዛ ላይ ትቶት የሄደውን መጽሐፍ ሠራተኛዋ ወደ ቦታው ከመመለሷ በፊት፣ በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ አንድ ቀጭን መስመር ታሰምራለች። ከቁም ሳጥኑ ተጠይቆ የወጣ መጽሐፍም እንዲሁ ይሰመርበታል። ኮምፒውተርም ወጪም አያስፈልገውም። ከሦስት ወር በኋላ መስመር የተገኘባቸው መጻሕፍት አምስት መቶ እንኳ አልሞሉም፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ የቁም ሳጥኑ ናቸው። ደጋግሞ የተሰመረበት አንድ የሒሳብ አጋዥ መጽሐፍ ነበር፤ መስመሮቹ በአምስት በአምስት ታስረው የገጹን ግርጌ ሞልተውታል።

ቀጥሎ የቤቱን ዓላማ በአንድ ገጽ ጻፍን። ይህ ከሁሉም የከበደው ሥራ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ «ለሁሉም ኅብረተሰብ በሁሉም ዘርፍ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። መጻሕፍት የማስወገድ ውሳኔ ከሚሰጠው ኮሚቴ አባላት አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ «እንዲህ ካልን የግብር መመሪያውም ይገባል ማለት ነው» አሉ። ሰረዝነው። በመጨረሻ የጸደቀው እንዲህ ይላል፦ ቤቱ በዙሪያው የሚኖሩ ሰዎች ለትምህርት፣ ለሥራና ለደስታ የሚያነቡትን፣ እንዲሁም ሐዋሳንና አካባቢዋን የሚመለከት ማንኛውንም ጽሑፍ፣ በአማርኛ፣ በሲዳሙ አፎና በእንግሊዝኛ ይሰበስባል። ከዚህ ቀጥሎ የማይቀበላቸውን ዘረዘርን፤ ለምሳሌ ዕድሜው ያለፈበት የሕክምናና የሕግ መጽሐፍ፣ ከአንባቢዎቹ ሕይወት ጋር የማይገናኝ የሌላ አገር የአስተዳደር መመሪያ፣ ገጹ የጎደለ መጽሐፍ።

ሦስተኛው የማይጠቅመውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ የማውጣቱ ሥራ ነው። በሙያችን የታወቁ መመዘኛዎች አሉ፦ መጽሐፉ ያሳስታል ወይ? ተበላሽቷል ወይ? በተሻለ ዕትም ተተክቷል ወይ? ይዘቱ ፍሬ ቢስ ነው ወይ? ለዚህ ቤት አንባቢ ይሆናል ወይ? በቅርብ ሌላ ቦታ ይገኛል ወይ? በእነዚህ ጥያቄዎች እያንዳንዱን መደርደሪያ ስናይ ሥራው ራሱ ብዙ አስተማረን። ፀሐይ ዘጠኝ ፕላኔቶች እንዳሏት የሚናገሩ የሳይንስ መጻሕፍት ነበሩ፤ ፕሉቶ ከፕላኔቶች ተርታ ከወጣች ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ደቡብ ሱዳን የሌለችበት የአፍሪካ ካርታም ነበር፤ ነፃ የወጣችው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከቀረ ዓመታት ላለፉት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተዘጋጁ የጥያቄ መጻሕፍት አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይዘው ነበር። አንድ ተማሪ ከእነዚህ ላይ ሲሠራ አግኝቼዋለሁ። መቅረቱን አያውቅም አልልም፤ ሌላ አጥቶ ነው።

ያም ሆኖ ከኮንቴይነሩ የመጣው ሁሉ ከንቱ አልነበረም። የሕፃናት ሥዕላዊ መጻሕፍት፣ ጥሩ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትና አንዳንድ የሳይንስ መጻሕፍት አገኘን፤ አቆየናቸው። ለዚህ ነው በጅምላ መጣልን የተቃወምሁት።

ለማስወገድ ኮሚቴ ያስፈልጋል። ኮሚቴው ለመወሰን አምስት ወር ፈጀበት። አንድ አባል የተናገሩት ከልቤ ገብቷል፦ «ነገ አንዲት ሴት በመንግሥት መጽሐፍ ገጽ ቆሎ ጠቅልላ ብትሸጥ ምን ይባላል?» የመጽሐፍ ክብር በአገራችን ከብራናው ዘመን የመጣ ነው፤ በዋዛ አይታለፍም። መልሳችን ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የወጣበትን ምክንያት በአንድ መስመር ጽፎ ማቅረብ ሆነ። ከሦስት ሺህ በላይ መስመር ጻፍን። ምክንያቱ በጽሑፍ ሲቀርብ ኮሚቴው ፈረመ፤ መጻሕፍቱም ለወረቀት መልሶ ማምረቻ ተላለፉ።

አራተኛው ቁም ሳጥኑን መክፈት ነው። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር በደብዳቤ ተስማማን፤ ተገቢው የውሰትና የጥበቃ ሥርዓት እስከተከበረ ድረስ፣ በዓመት ውስጥ የሚጠፋ የተወሰነ መጽሐፍ በሠራተኛው ላይ አይታሰብም። ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ሠራተኛዋ ቁልፉን ከአንገቷ ክር ላይ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መጻሕፍቱን ወደ ባዶዎቹ መደርደሪያዎች ያዛወረችው ራሷ ናት፤ እንዲረዳት የፈቀደችው ለአንድ ልጅ ብቻ ነበር።

የተሳካው

ያንኑ የማክሰኞ ጠዋት ቆጠራ ከስምንት ወር በኋላ ደገምሁት። ከሠላሳ ዘጠኝ አንባቢዎች አሥራ ሰባቱ የቤቱን መጽሐፍ ይዘው ነበር። የመጻሕፍቱ ቁጥር ደግሞ ከግማሽ በታች ወርዷል።

መደርደሪያው ላይ ያለው ምልክትም ተቀይሯል። ቀደም ሲል የአማርኛ ልብ ወለድ፣ መጻሕፍትን በይዘታቸው ቁጥር እየሰጠ በሚለየው በዲዊ አከፋፈል፣ 892.8 የሚል ቁጥር ብቻ ተለጥፎበት ነበር። ቁጥሩ ለሠራተኛ ይጠቅማል፤ ለአንባቢ ግን «የአማርኛ ልብ ወለድ» ብሎ በትልቁ መጻፍ ይበቃዋል። ኢትዮጵያን የሚመለከት ታሪክ 963 ላይ ነው፤ ስለ ሐዋሳ የተጻፈውን ግን ከዚያ አውጥተን ለብቻው አቆምነው።

በግዢ ላይ የወሰድነው ውሳኔም ያዋጣ ይመስለኛል። ያለን ገንዘብ ጥቂት ነበር። ሃያ የተለያዩ መጻሕፍት እንግዛ ወይስ በእርሳስ በብዛት የተሰመረባቸውን አምስት መጻሕፍት አራት አራት ቅጂ? ለሙያ ሰው የመጀመሪያው ያጓጓል። እኛ ሁለተኛውን መረጥን፤ በፈተና ሰሞን አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለሠላሳ ተማሪ ሲዞር አይተናልና።

ያላሰብሁት ስኬት የመጣው ከ«ስለ ሐዋሳ» መደርደሪያ ነው። ሲጀመር ስለ ፍቼ ጨምበላላ በዓል የተዘጋጁ ጥቂት በራሪ ጽሑፎችና የከተማ ካርታ ብቻ ነበሩት። አንድ ጡረተኛ የመሠረቱትን እድር መተዳደሪያ ደንብ አመጡ። በጽሕፈት መኪና የተመታ ነው፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ የቀብር መዋጮው በብር ተጽፎ በእስክሪብቶ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ከፍ ብሏል። ከዚያ ሌላው የትምህርት ቤታቸውን ምረቃ መጽሔት፣ ሌላዋ የአሞራ ገደልን የዓሣ ገበያ የድሮ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። እነዚህ በየትም መደብር አይሸጡም። እዚህ ካልተሰበሰቡ የትም አይሰበሰቡም።

ያልተሳካው

የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችን አስበን ምሽት ላይ መክፈት ጀመርን። ማንም አልመጣም። ከሥራ ሲወጡ በሰርቪስ ወደየሰፈራቸው ይሄዳሉ፤ መንገዱ ይጨልማል፣ መብራትም ይቋረጣል። በስድስተኛው ሳምንት ተውነው። እሑድ ከሰዓት ስንከፍት ግን መጡ። መጀመሪያ ጠይቀናቸው ቢሆን ስድስት ሳምንት ባልባከነ ነበር።

የሲዳሙ አፎ መደርደሪያ እንዳሰብነው አልሞላም። በላቲን ፊደል የተጻፉ የመማሪያ መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት አገኘን፤ ለደስታ የሚነበብ፣ በተለይ ለሕፃናት የሚሆን፣ እጅግ ጥቂት ነው። ዓላማውን ስንጽፍ ሦስቱን ቋንቋዎች እኩል ማስቀመጣችን ትክክል ነበር፤ ገበያው ግን እኩል አያቀርብም።

ቁም ሳጥኑ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አሥራ አንድ መጽሐፍ ጠፋ ተባለ። አራቱ ሌላ መደርደሪያ ላይ ተገኙ። ሰባቱ አልተመለሱም።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የራሴ ስህተት ነው። ከአወጣኋቸው መጻሕፍት መካከል አንድ የድሮ የትምህርት ቤት አትላስ ነበር። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ካርታው ኢትዮጵያን በአሥራ አራት ክፍለ ሀገር ያሳያል፣ ሲዳሞም አንዱ ነው። «መረጃው ያረጀ» ብዬ በመስመሩ ላይ ጻፍሁ። ከተወገደ ከሁለት ሳምንት በኋላ እኒያ ጡረታ የወጡ መምህር የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው መጡ። «ያ አትላስ የት ሄደ? ይህች ልጅ እኔ የተወለድሁበትን ክፍለ ሀገር ካርታ ላይ ማየት ትፈልጋለች» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው? እውነቱን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «አልነገርከንም እኮ» አሉ።

አትላሱ የዛሬውን ኢትዮጵያ ለሚያጠና ተማሪ ያሳስታል፤ ያ እውነት ነው። የትናንቱን ለሚጠይቅ ግን ምስክር ነው። ያን መጽሐፍ ማዛወር እንጂ ማስወገድ አልነበረብኝም። የታተመውን ሁሉ የማቆየት ኃላፊነት የብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት የወመዘክር ነው፤ የቀበሌ ቤተ መጻሕፍት ያን ሊሸከም አይችልም። የገዛ አካባቢውን ትዝታ ግን ለሌላ አሳልፎ አይሰጥም።

ሌሎች ቤቶች ሊወስዱት የሚችሉት

የእርሳስ መስመሩን ማንኛውም ቤት ነገ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል። የሦስት ወር መስመር ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይናገራል። ሆኖም መስመር የሌለው መጽሐፍ ሁሉ ይውጣ ማለት አይደለም፤ ተቆልፎ ወይም ምልክት ሳይደረግበት የኖረ መጽሐፍ እንዴት ይሰመርበታል?

ስጦታ ከመቀበል በፊት ዝርዝር መጠየቅ ነውር አይደለም። ዛሬ ይህ ቤት የሚልከው ደብዳቤ በምስጋና ይጀምርና የሚፈልጋቸውን የመጻሕፍት ዓይነቶች ይዘረዝራል። ሁለት ለጋሾች ዝርዝሩን አይተው በመጽሐፍ ፋንታ የመግዣ ገንዘብ ልከዋል።

የሠራተኛው ኃላፊነት በጽሑፍ ሳይስተካከል መደርደሪያ መክፈት ሠራተኛውን አጋልጦ መስጠት ነው። እኛ ይህን ወደ መጨረሻ ያደረስነው በስህተት ነው፤ መጀመሪያ መሆን ነበረበት። ሠራተኛዋ ወራት ሙሉ ያልተባበረችን መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን የምትጠብቀው ያንን ደብዳቤ ነበር።

ለማስወገድ የታሰበው ዝርዝር ደግሞ ለአንባቢዎች ለአንድ ወር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከአትላሱ በኋላ ይህን ደንብ አድርገነዋል። በመጀመሪያው ወር አሥራ ሁለት መጻሕፍት በአንባቢዎች ጥያቄ ከዝርዝሩ ወጥተዋል፤ አንዱን ያስወጣው የ6ኛ ክፍል ልጅ ነው።

ሕንዳዊው የሙያችን ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጣቸው አምስት ሕጎች የመጨረሻው፣ ቤተ መጻሕፍት የሚያድግ ሕያው አካል መሆኑን ይናገራል። እድገትን ከብዛት ጋር አንድ አድርጎ የተረዳው ቅጽ ግን ዛሬም አልተቀየረም። ዘንድሮ ከ«የመጻሕፍት ብዛት» አጠገብ «በዓመቱ የተነበቡ» የሚል ዓምድ በእጃችን አስምረን ልከናል። መልስ አልመጣም።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ሕፃናቱ ቅዳሜ ጠዋት ይገባሉ፤ ከኮንቴይነሩ የተረፉት ሥዕላዊ መጻሕፍት የእነርሱ ሆነዋል። ቁም ሳጥኑ የጽዳት ዕቃ ይቀመጥበታል። መምህሩ ሌላ አትላስ ከአንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ቤት አገኙ፤ እሱም ሽፋን የለውም። «ስለ ሐዋሳ» ከሚለው መደርደሪያ ላይ፣ ከእድሩ ደንብ ጎን ቆሟል። ባለፈው ወር በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ሦስት መስመር አየሁበት።